ስምንቱ ሻማ

ትዕግስትና አፀደ የተወለዱት በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሰፈር፣ በሰባት ቀን ልዩነት ነው። ዛሬ ትዕግስት አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። አፀደ ግን ሃያ አራት ናት። ይህን የሰማ ሁሉ አንድ ሰው ቆጠራ ተሳስቷል ይላል፤ ጉዳዩ ግን በወረቀት የተጻፈ፣ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ጉዳይ ነው። ከማኅተም ጋር ደግሞ እንኳን የጎንደር ልጅ እግዜርም አይከራከርም።

«አሥራ ስድስት ሻማ፣ እንዳትረሺ» አለቻት እትዬ ወይንሸት፣ ቅዳሜ ጠዋት ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አፀደ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን ስታስር። እትዬ ወይንሸት የትዕግስት እናት ናት። የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሠርታ መምጣቷ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ከሆቴል ስትወጪ ግዢና ነይ። ሮዝ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ለኔስ ሃያ አራቱን ልግዛ እንዴ እትዬ?»

እትዬ ወይንሸት ከት ብላ ሳቀች። አፀደ ስትናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ምን ብላ እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ቤቱ አሜሪካ፣ ስማይርና የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፣ ፊቱ ሳር፣ ሥሩ ቤዝመንት። ፎቁ የትዕግስት አባት የጋሼ ገሠሠ ነው፤ ቤዝመንቱን አፀደና እናቷ ኤልፍነሽ በወር መቶ ሃያ ዶላር ይከራዩታል። የፎቁን ሳህን ማጠቡ፣ ሸሚዝ መተኮሱና እንግዳ ሲመጣ ወጥ መሥራቱ በሂሳብ አይገባም፤ ዘመድ ለዘመድ አይቆጥርም ይባላላ። ጋሼ ገሠሠ የኤልፍነሽ የአክስት ልጅ ነው። ኤልፍነሽ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፣ ግን ተምሯልና እሷም «ጋሼ» ነው የምትለው። አፀደም ፊት ለፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን ገና ድሮ «እሱ» ብላዋለች። የቤዝመንቱ መስኮት ከሳሩ ጋር እኩል ስለሆነ አፀደ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረችው የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ጫማ እያየች ነው። ማን እንደመጣ በተረከዙ ትለያለች። የጋሼ ገሠሠ ተረከዝ ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። የትዕግስት ደግሞ ያው ሸራ ጫማ ሆኖ፣ ማሰሪያው ባንድ በኩል ሁልጊዜ የተፈታ ነው።

ፎቅ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ አንድ ወረቀት አለ። ጋሼ ገሠሠ በማስመሪያ አስምሮ፣ በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈቱ የጻፈው የትዕግስት ፕሮግራም ነው። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ሂሳብ። ከዚያ ፒያኖ። ማክሰኞና ሐሙስ ላይብረሪ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ መጽሐፍ አንብቦ ማጠቃለያ መጻፍ። ቴሌቪዥን ግማሽ ሰዓት፣ እሱም ዜና። ጋሼ ገሠሠ አገር ቤት ዲግሪ ያለው አስተማሪ ነበር፤ አባቱም መሪጌታ ነበሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ከእህል ይልቅ ብራና ይበዛ ነበር ይባላል። ልጅ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ካየ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘዋል። ያቺ ልጅ ግን የራሱ መሆን አለባት። አፀደን ሶፋው ጫፍ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ስትመለከት ቢያገኛት ምንም አይጠዘጥዘውም፤ እንዲያውም «ደክሟታል፣ ትረፍ» ይላል። አፀደ ፍሪጁ ፊት ቆማ ያንን ወረቀት ስታነብ ትዕግስት ከኋላዋ ትመጣና፣ «እስር ቤት ነው እኮ፣ ላይክ፣ ሪሊ! አንቺ ታድለሽ፣ ማንም አንብቢ አይልሽም» ትላታለች። አፀደም «ነይ እንቀያየር፣ እኔ ጋ አሥራ አራት ሽንት ቤት አለ» ትላታለች። የአፀደም ፕሮግራም እኮ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ብቻ የተለጠፈው በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከሳሙናው መደርደሪያ አጠገብ ነው።

ነገሩ የተነቃነቀው ከአሥር ቀን በፊት ነበር። ትዕግስትን ትምህርት ቤት ወስዶ የሚያስመዘግብ ጠፋ፤ እናቷ ሥራ፣ አባቷ ቢሮ። አዋቂ ዘመድ ከሆነ ይበቃል ስለተባለ አፀደ ሄደች። በወረቀት አዋቂ ናታ! ካውንስለር የሚሏት የተማሪ አማካሪ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ነጭ ሴትዮ ናት። «አክስቷ ነሽ?» ብላ ስትጠይቅ ትዕግስት በሳቅ ፈረሰች። «አክስቴ? የምበልጣት በአንድ ሳምንት ነው እኮ!» ሴትዮዋ አልሳቀችም። የአፀደን ካርድ አየች፣ ፊቷን አየች፣ መልሳ ካርዱን አየች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አዲስ የመጡ ሰሞን፣ ሌላ ቢሮ ያለች ሴትም እንዲሁ ካርድና ፊት አስተያይታ ነበር፤ እሷ ያመነችው ካርዱን ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ያለፈው ሰው ሃይስኩል አይገባም ብላ መለሰቻት። ይቺኛዋ ግን ፊቱን አመነች። እርሳስ አንሥታ ደመረች፣ ስልክ ደወለች፣ የናንተ አገር ካሌንደር ከኛ ወደ ኋላ ይቀራል አይደል አለች። በመጨረሻም ነገሩን ቆርጣ ነገረቻት፦ የስደተኛ ፎርምሽን የሞላው ሰው የልደት ዓመቷን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፣ ስህተቱ የኔ ነው ብሎ ኖተሪ በሚሉት ውል አዋዋይ ፊት ይፈርም። ኢሚግሬሽን የፈለገውን ያህል ጊዜ ይውሰድ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሰኞ ምዝገባ ሳይዘጋ ያ ወረቀት ከመጣለት ይቀበልሻል። ትዕግስት ማታውኑ በታይፕራይተሯ መታችው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከጣሪያቸው በላይ ነው የሚተኛው። «እሺ» ብሏታል ጋሼ ገሠሠ፣ ሳህኑን ስታነሣለት። «ቅዳሜ። ባንክ ውስጥ ኖተሪ አለ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራሉ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አፀደ ሺፍቷን ከአንዲት ሜክሲካዊት ጋር ተለዋውጣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ብቻ ሠራች። ትራሱን ስታጎን፣ አንሶላውን አራት ማዕዘን ስታጥፍ፣ ፀጉር ከመታጠቢያው ስትለቅም ሁሉ አፏ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፦ ዘጠነኛ ክፍል። ዶክተር እሆናለሁ፣ ኢንጂነር እሆናለሁ ብላ አይደለም። እንዲህ ያለው ሕልም ፎቅ ለሚኖሩ ነው። እሷ ያማራት መቀመጥ ነው። ትዕግስት ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እርሳስ ነክሳ፣ እግሯን ወደ ላይ እያወዛወዘች «አልገባኝም» ስትል ታያታለች። ያ ያስቀናታል። ነገሩ ሳይገባሽ መቀመጥ! ሆቴል ውስጥ ሥራው ያልገባው ሰው እርሳስ አይነክስም፤ ይባረራል።

ሻማ የሸጠላት ድራግስቶር ከሆቴሉ ማዶ ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ሳንቲም። ሮዝ ነበረ። ፓኬቱን ገልብጣ ስታየው ውስጡ ሃያ አራት ነው። አሥራ ስድስት ያለበት የለም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሻጩ ሁሉም ሃያ አራት ሃያ አራት ነው የሚመጣው አላት። «አንተም?» አለችው በአማርኛ። ሰውዬው ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ አላት። ከዚያ ሥፍራ እስከ ቤት አርባ ደቂቃ ነው፣ እሱም የእግረኛ መንገድ በሌለው ዳር፣ በሳሩ ላይ። ስማይርና ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ አእምሮው። ፒክአፕ የያዙ ወጣቶች ክላክስ ነፉባት። እሷም እጇን እንደ ንግሥት አውለበለበችላቸው።

ቤት ስትደርስ ጋሼ ገሠሠ ቁምጣ ለብሶ መኪናውን እያጠበ ነው። የአራት ዓመት ኦልድስሞቢል፣ ቡና ዓይነት። አሜሪካ ከመጣ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ቅዳሜ መኪና ማጠብ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያጥባላ።

«ጋሼ፣ ደረስኩ። አሁን ይሄዳሉ?»

«መች ጠፋኝ? ጎማውን ልጨርስ።»

ጎማ አራት ነው። ለያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ፈጀ። አፀደ ሻማውን ልታስቀምጥ ኩሽና ገባች። እናቷ የሽንኩርት ተራራ እየከተፈች ነው፤ ፍልሰታ ትናንት ተፈትቷል፣ ለልደቱ ዶሮ ይሠራል። ኤልፍነሽ ጎንደር ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፣ ጆሮዋ ግን እንደ መዝገብ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት በርበሬ በስንት እንደተሸጠ ትነግርሃለች። የሁለቱን አገር ካሌንደር ልዩነት አፀደ ሦስት ጊዜ አስረድታታለች። ሦስቱንም ጊዜ፣ «ፀሐይዋ አንድ ናት፣ እንዴት ዓመቱ ሁለት ይሆናል?» ብላ ዘግታዋለች።

«ዛሬ ይፈርማል» አለች አፀደ።

«አትነዝንዢው። ሥራ ይበዛበታል።»

«ሥራው ጎማ ነው እኮ። ተሳስቶ ነው የጻፈው እማዬ።»

«የተማረ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ከተሳሳትኩም እኔ ነኝ።» ኤልፍነሽ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «ነሐሴ ተክለ ሃይማኖት ነው ያልኩት። ስልሳ ሁለት ነው ያልኩት። አልቀጠፍኩም። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና የተማረ ይግደለኝ ይል ነበር።»

«ይኸው ገደለን አይደል?»

«አፍሽን ያዢ!»

አፏን ያዘች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ገሠሠ ገላውን ታጠበ። ጋሼ ገሠሠ ሸሚዝ መረጠ። ስልክ ተደወለለት፤ ስለ አንድ አዲስ ስደተኛ ቤተሰብ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር አወራ። እሱ አሁን ስደተኞችን በሚያሰፍር ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ነው፣ በመስከረም ቋሚ ይሆናል ይባላል። ትዕግስት ከክፍሏ በር ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ጣቷን ወደ ሰዓቷ ቀሰረች። አፀደ ትከሻዋን ሰበቀች። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋሼ ገሠሠ ከረባት አስሮ ወረደ። «ኖተሪ ፊት ሰው በከረባት ነው የሚቀርበው» አለ። አፀደ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ከረባት ያሰረ ሰው ሊፈርም ነው።

ባንኩ ፊት ፓርክ ሲያደርግ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። በመስታወቱ በኩል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴትዮ ትታያለች፣ ከፊቷ ማኅተም አለ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሼ ገሠሠ ሞተሩን አላጠፋም፤ ኤሲው ቀዝቃዛ አየር እየነፋ ነው። «እስቲ ወረቀቱን ልየው» አለ። አፀደ ሰጠችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላው ነበር። መሪው ላይ ዘረጋው። መነጽሩን አደረገ። አንዴ አነበበው፣ ደገመው። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ የአፀደ ልብ ተነሣ፤ የወጣው ግን ቀይ እስክሪብቶ ነው፣ የአስተማሪ። «ማነው የጻፈው ይህን?» አለ። «ትዕግስት» አለችው። «ታዲያ እንዲህ ነው ያስተማርኳት?» አንድ ቃል አሰመረበት። ከጎኑ ሌላ ቃል ጻፈ። ሁለተኛውን አንቀጽ ከሦስተኛው በቀስት አገናኘው። እንዲህ አጎንብሶ ሲያርም አፀደ ጎንደር ትምህርት ቤት ሳለች የምታውቀውን ሰው አየች፤ አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ እሱ በመስኮት ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ጸጥ ይሉ ነበር። «እንዲህ ያለ ቆሻሻ ጽሑፍ ኖተሪ ፊት አይቀርብም። እንደገና መመታት አለበት» አለ። ቀና ሲሉ ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሥታለች። ቁልፍ ይዛ መጣች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ሰሌዳውን ገለበጠች። በመስታወቱ ውስጥ ሆና ፈገግ አለችላቸው እንኳ።

«ተዘጋ» አለ ጋሼ ገሠሠ፣ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው።

«ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ምዝገባው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በምሳ ሰዓትዎ ብንመጣ...»

ሞተሩን አጠፋ። ወዲያው ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀባቸው። ከረባቱን ላላ አደረገ።

«ገዳሪፍ፣ ስደተኛ ካምፑ ውስጥ፣ ስንት ፎርም የሞላሁ ይመስልሻል?» አለ። «ሁለት መቶ አርባ ነው። ከዛፍ ሥር፣ በጉልበቴ ላይ። የስንቱን ቀይሬ የስንቱን እንዳልቀየርኩ አላስታውስም። ዛሬ ያንቺን ተሳስቼ ነው ብዬ ከፈረምኩ ነገ ሌላውም ይመጣል። ቢሮው ደግሞ የሞላኸውን ሁሉ አምጣ ይለኛል። በአስተርጓሚ እጅ የተሳሳተ ወረቀት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺም ብትሆኚ ሁለት ዓመት በዚህ ወረቀት ሠርተሻል። ልጅ ሆነሽ እንዴት ሠራሽ ይሉሻል።»

«እኔ እመልስላቸዋለሁ። ሲሠራ የተገኘ ልጅ ያስራሉ እንዴ?»

«እናትሽ ስልሳ ሁለት አለችኝ፤ ያለችኝን ጻፍኩ።»

«እትዬ ወይንሸትም ትዕግስትን በስልሳ ሁለት ወለድኳት ነው የምትለው።»

ይህን ስትል ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ጋሼ ገሠሠ እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። ባዶው የባንክ ግቢ ውስጥ አንድ ወፍ የወደቀ ድንች ጥብስ እየጎተተ ነበር፤ ሁለቱም እሱን አዩት።

«የትዕግስትን ቁጭ ብዬ አሰላሁት» አለ። «አንድ ምሽት ሙሉ፣ በእርሳስ፣ ደምሬ ቀንሼ። ለሌላው ጊዜ አልነበረኝም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።»

ውሸት አልነበረም። አፀደ የገረማት ይህ ነው፤ ቢዋሽላት ኖሮ ትሰድበው ነበር፣ በሆዷም ቢሆን። ሰልፉ ረጅም እንደነበረ ታስታውሳለች፣ እሷ ራሷ ቆማበታለች፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በእናቷ ነጠላ ተከናንባ። ቀድሟቸው ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል «ወረቀቱ ያለውን ብቻ በሉ፤ ከወረቀቱ ከወጣችሁ ውሸታም ትባላላችሁ» ብሎ ያስጠናቸውም እሱ ነው። ከዓመት በኋላ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ፈረንጅ አይቷት «ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው?» ሲል እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት፣ እሷም «የስ» አለች። ያኔ የምታውቀው እንግሊዝኛ እሱ ነበር።

«የስምንት ዓመት ሰልፍ ነበር በለኛ ጋሼ» አለች። «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው።

ጋሼ ገሠሠ ሳቀ። እንደ ሰው ሁሉ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «አይ አፀደ!» ብሎ ሳቀ፣ መኪናውንም አስነሣ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ላስተካክለው» አለ።

እንግዶቹ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ሳሎኑ ውስጥ ፕላስቲክ ያልተነሣለት ሶፋ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሞላ መደርደሪያና ከሰው ደጅ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በሰማንያ ዶላር የተገዛ ፒያኖ አለ፤ አንዱ ቁልፉ ድምፅ የለውም፣ ትዕግስት ዘላው ነው የምትመታው። ሻማዎቹን አፀደ ራሷ ኬኩ ላይ ተከለቻቸው፣ አሥራ ስድስቱን፣ በክብ። ሌሎቹን ከነፓኬታቸው መደርደሪያ ላይ ተወቻቸው። ትዕግስት ኩሽና ገብታ «ፈረመ?» አለች በሹክሹክታ። አፀደ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ትዕግስት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሳሎን ስትመለስ አባቷ ፊት ቆመች፣ አፏን ከፈተች። አፀደ ከኩሽናው በር ሆና አየቻት። «ዳዲ» አለች ትዕግስት።

«ፒያኖውን፣ የኔ ልጅ። እንግዶቹ እየጠበቁ ነው።»

ትዕግስት ዞረችና ፒያኖው ጋ ተቀመጠች። ያቺን ድምፅ የሌላትን ቁልፍ ዛሬ አልዘለለቻትም፤ ደጋግማ መታቻት፣ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ከአፀደ በቀር ልብ ያለው የለም። ሁሉም አጨበጨቡ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ አቶ አክሊሉ የሚባል፣ አገር ቤት ዳኛ የነበረ፣ አሁን ሚድታውን መኪና ማቆሚያ ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ ትዕግስትን ምን ልትሆኚ አሰብሽ አላት። አባቷ መለሰላት። ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ፣ ስለ ስኮላርሺፕ፣ ያበሻ ልጅ እዚህ አገር ቴሌቪዥን ላይ ስለ መጥፋቱ ብዙ ተወራ። «ወላጅ ነው» አለ ጋሼ ገሠሠ። «ልጅ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ወላጁ የተማረ መሆኑ ነው።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤልፍነሽም፣ የእንጀራ መሶብ ይዛ እንደቆመች፣ ነቀነቀች። እውነት ነዋ።

ከዚያ አቶ አክሊሉ ሳህን ስታነሣ አፀደን ቀና ብሎ አያት። «አንቺስ ልጄ? ስንተኛ ክፍል ነሽ? የትዕግስት እኩያ ትመስያለሽ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ስላዳመጠ አይደለም፤ ሦስት ሰው ስለደነገጠ ነው። እትዬ ወይንሸት ኬኩን መቁረጥ አቆመች። ትዕግስት ጣቶቿን አየች። ጋሼ ገሠሠ ግን አፀደን ቀጥ ብሎ አያት፣ ሲቆጣም ሲያስፈራራም አይደለም፤ ተማሪ መልሱን ታውቅ እንደሆነ የሚጠብቅ አስተማሪ ነው የሚመስለው። አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ያ ሰው ዳኛ ነበር እኮ፣ ነገሩ ይገባው ነበር። አፀደ ያንን ያህል ምላስ እያላት እናቷን አየች፤ እናቷ መሶቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ቤዝመንቱ፣ ኪራዩ፣ ክረምቱ ሁሉ ፊቷ ላይ ተጽፏል።

«ሃያ አራት» አለች አፀደ።

«አትመስይም!» አለ አቶ አክሊሉ። «አይ ያገራችን ሴቶች፣ ዕድሜ አይነካቸውም።» ሁሉም ሳቁ። በገዛ አፏ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፣ የስ ማለቱ ሳይቆጠር።

እንግዶቹ ፎቅ እያወጉ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ አፀደ ቤዝመንት ወረደች። እናቷም እግሯን ልታሳርፍ ተከትላ ወረደች። አፀደ ከኬኩ ላይ የለቀመቻቸውን አሥራ ስድስት ጉራጆች፣ ጫፋቸው ጠቁሮ ሥራቸው ክሬም የነካውን፣ አልጋው ላይ በአንድ ረድፍ ደረደረች። ከሥራቸው ከመደርደሪያው ያመጣቻቸውን፣ ያልነደዱትን ስምንቱን ደረደረች።

«ቁጠሪ እማዬ። እነዚህ የነደዱት ትዕግስት የኖረቻቸው ዓመቶች ናቸው። እኔም የኖርኩት እነዚህኑ ነው፣ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው። እነዚህ ስምንቱ አልነደዱም። አልኖርኳቸውም። ወረቀቱ ግን ነደዋል ይላል። በዚያች ዛፍ ሥር ጋሼ በአንድ መስመር አነደዳቸው፤ የትዕግስትን ግን አላነደደም።»

ኤልፍነሽ ቆጠረች። በጣቷ እየነካች፣ በርበሬ ገበያ ብር እንደምትቆጥር፣ አሥራ ስድስቱን ቆጠረች፣ ስምንቱን ቆጠረች። ደገመች። ስምንቱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ፀሐይ አንድ ናት አላለችም። የተማረ አይሳሳትም አላለችም። መስኮቱ ላይ የእንግዶች ጫማ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስምንቱን ሻማ አንድ በአንድ አነሣቻቸው፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርጋ፣ ሴት ገንዘብ እንደምትቋጥር አጥብቃ ቋጠረቻቸው።

«አንዲት ሌሊት» አለች በቀስታ። «የልጁን አንዲት ሌሊት ተቀምጦ አሰበው፤ ያንቺን ቢያስብ ሁለት ሌሊት ነበር። እኔ ወይንሸት ስትታመም ትዕግስትን ስንት ሌሊት አጠባኋት።»

«ንገሪያቸው» አለች አፀደ። «አቶ አክሊሉ ገና አልሄደም። ዳኛ ነበር። አንቺ ብትናገሪ ይሰማሻል፣ እናት ነሽ።»

«ኤልፍነሽ!» አለ የጋሼ ገሠሠ ድምፅ ከላይ።

«አቤት ጋሼ!» ኤልፍነሽ ብድግ አለች። ደረጃው ሥር ጥቂት ቆመች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣለች። ከዚያ ወጣች። አፀደ ከእናቷ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ብድግ ብላ አልጋው ላይ ወጣች፣ ጆሮዋን ወደ ጣሪያው አስጠጋች። የእናቷ ኮቴ ሳሎን ገባ። ቆመ። ወሬው ጋብ አለ። አፀደ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች፣ ስምንት ላይ ደረሰች። ከዚያ ኮቴው ወደ ኩሽና አለፈ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ሳህን ከሳህን ጋር መጋጨት ጀመረ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እናቷ እጇ እርጥብ ሆኖ ወረደች። በናፕኪን የተጠቀለለ የኬክ ቁራሽ ሰጠቻት። «ወይንሸት ናት የላከችልሽ» አለች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ነጠላዋን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ጫፉ ላይ ያ ቋጠሮ እንዳለ ነበር።